«የጦር መሣሪያ» ሲባል ምን ምን ይጨምራል?

«ብዛት ያለው የጦር መሣሪያ በቁጥጥር ሥር ዋለ»፣ «ታጣቂዎቹ ትጥቃቸውን ፈቱ»፣ «በአካባቢው የከባድ መሣሪያ ድምፅ ተሰማ»። እነዚህን የመሰሉ ዓረፍተ ነገሮች ከዜና የሚጠፉበት ሳምንት ጥቂት ነው። ጆሯችን ስለለመዳቸው የሚሉት ነገር ሁሉ የገባን ይመስለናል። ይሁን እንጂ «የጦር መሣሪያ» እንደ «እህል» የጅምላ ስም ነው። አንድ ሰው «መጋዘኑ ውስጥ እህል አለ» ቢለን ጤፍ ይሁን በቆሎ፣ አንድ ኩንታል ይሁን መቶ፣ ለዘር የተቀመጠ ይሁን ለሽያጭ አናውቅም። «የጦር መሣሪያ ተያዘ» ሲባልም አንድ ሽጉጥ ሊሆን ይችላል፤ በእህል ጆንያ ሥር የተደበቀ የክላሽንኮቭ ጭነት ሊሆን ይችላል፤ ጠመንጃ የሌለበት ጥይት ብቻም ሊሆን ይችላል።

ቃሉ ምን ምን እንደሚይዝ መለየት የቋንቋ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የሰላም ስምምነቶች፣ አዋጆችና የፍርድ ቤት ክሶች የሚቆሙት በዚህ ስም ውስጥ የቱ ገባ፣ የቱ ቀረ በሚለው ላይ ነው። በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በካራ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በአስኮ ወይም በዓለም ገና በኩል እየገባንና እየወጣን በፍተሻ ለምናልፍ ሰዎች ደግሞ ጉዳዩ በየጊዜው በራፋችን ላይ የሚያጋጥመን ነው።

ቃሉ እንዴት ተገነባ?

«ጦር» በአማርኛ ቢያንስ ሦስት ነገር ነው። ጫፉ ላይ ሹል ብረት የተሰካበት፣ የሚወረወር ወይም የሚወጋበት ዘንግ ጦር ይባላል። ሠራዊትም ጦር ይባላል፤ «የንጉሡ ጦር ሰፈረ» እንደሚባለው። ውጊያው ራሱም ጦር ነው፤ «ጦር ተነሣ» ሲባል የተነሣው ዘንጉ ሳይሆን ግጭቱ ነው። «መሣሪያ» ደግሞ «ሠራ» ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን አንድ ሥራ የሚሠራበትን ዕቃ ያመለክታል። ሁለቱ ሲጣመሩ «የውጊያ ሥራ የሚሠራበት ዕቃ» የሚል ሰፊ ትርጉም ይሰጣሉ፤ ስለዚህም ቃሉ ከጎራዴ እስከ ሚሳይል ድረስ ያለውን ሁሉ ሳይጨናነቅ ይይዛል።

ከዚህ ቀደም አገሩ ስለ መሣሪያ ሲናገር በጅምላ ስም ብዙ አይጠቀምም ነበር፤ እያንዳንዱን በስሙ ይጠራው ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአውሮፓ የገቡት ጠመንጃዎች የፋብሪካቸውን፣ የሠሪያቸውን ወይም የአገራቸውን ስም በአማርኛ አፍ ተለውጦ ይዘው ቀርተዋል። የእንግሊዙ ስናይደር «ሰናድር»፣ የፈረንሳዩ ፉዚ ግራ «ውጅግራ»፣ የቤልጅግ ሥራ የሆነው «ቤልጅግ» ተባለ። «መትረየስ» የምንለውም ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው። አንድ አርበኛ ስለ ጠመንጃው ሲናገር «መሣሪያዬ» ከማለት ይልቅ «ምንሽሬ» ወይም «አልቢኔ» ማለቱ ሰሚው ዓይነቱንና ዋጋውን፣ የሚያስፈልገውንም ጥይት በአንድ ቃል እንዲያውቅ ያደርግ ነበር።

«ነፍጥ» የሚለው ጥንታዊ ቃልም አለ። ዛሬ «ነፍጥ አነሣ» ሲባል «ወደ ትጥቅ ትግል ገባ» ማለት ነው። ከእርሱ የወጣው «ነፍጠኛ» ግን በአገራችን ፖለቲካ ከባድ ስሜት የሚቀሰቅስ ቃል ሆኗል፤ በዚህ ምክንያት ጠንቃቃ ዘጋቢ «ነፍጥ» በሚያስፈልግበት ቦታ «የጦር መሣሪያ»ን ይመርጣል። ይህ ምርጫ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የጅምላው ስም ግልጽነት ቢጎድለውም ወገን አይለይምና።

መሣሪያ ሁሉ የጦር መሣሪያ ነውን?

አይደለም። ነገር ግን በዕለት ንግግር «መሣሪያ» ብቻውን ሲነገር ወዲያው የሚታሰበው ጠመንጃ ወይም ሽጉጥ ነው። ካራ ላይ፣ ከደብረ ብርሃን በኩል በሚገባው መንገድ፣ አንድ ሚኒባስ ለፍተሻ ሲቆም የሚሆነውን ላስታውስ። ወንዶች በአንድ ወገን፣ ሴቶች በሌላ ወገን ወርደው ይሰለፋሉ። ፈታሹ «መሣሪያ የያዘ አለ?» ይላል፤ ማንም አይመልስም። ከመቀመጫ ሥር በጆንያ የተጠቀለለ ነገር ይወጣና ሲፈታ መጥረቢያና ገጀራ ይሆናል። «ይኼ የማን ነው?» ሲባል አንድ ጎልማሳ «የእኔ ነው ልጄ፤ የሥራ መሣሪያዬ ነው» ይላሉ። «ለምን ሥራ ነው አባቴ?» ይጠየቃሉ፤ በከተማው ጫፍ ባሕር ዛፍ ሊቆርጡ የተቀጠሩበትን ቦታ ይናገራሉ፤ ዕቃቸው ተጠቅልሎ ይመለስላቸዋል።

ሰውየው አልዋሹም፤ ፈታሹም አልተሳሳተም። አንዱ ቃሉን በመጀመሪያ ትርጉሙ፣ ሌላው በጠባብ ትርጉሙ ተጠቅመውበታል። መጥረቢያ ለእንጨት የተሠራ ዕቃ ነው፤ ሰው ላይ ሲነሣ ግን ይገድላል። ጠመንጃ ግን ከመነሻው ለመግደል ወይም ለማቁሰል ታስቦ የተሠራ ነው። ልዩነቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው፦ ዕቃው የተሠራበት ዓላማ የጦር መሣሪያ መሆኑን ይወስናል፤ ይዞ የተገኘው ሰው ሐሳብና አጠቃቀም ደግሞ ተራውን ዕቃ ወደ ጥቃት መሣሪያነት ሊለውጠው ይችላል። በግጭት ዜና ገጀራ፣ ዱላና ጩቤ «ድምፅ አልባ መሣሪያ» ተብለው የሚጠሩትም በዚህ ምክንያት ነው። ፈታሹ ስለ ዕቃው ስም ሳይሆን ስለ ሥራውና ስለ መድረሻው መጠየቁ ነገሩን በትክክለኛው መንገድ መያዙ ነው።

«ትጥቅ» ከ«ጦር መሣሪያ» በምን ይለያል?

«ትጥቅ» የመጣው «ታጠቀ» ከሚለው ግሥ ነው። ቀድሞ ሰው ለጉዞ፣ ለሥራም ሆነ ለውጊያ ሲነሣ ወገቡን በድግ ወይም በመቀነት ያስር ነበር። ስለዚህ ትጥቅ ማለት አንድ ሰው ለተነሣበት ጉዳይ በሰውነቱ ላይ ያሰረውና ያዘጋጀው ሁሉ ነው። የእግር ኳስ ቡድን ማልያና ጫማ «የስፖርት ትጥቅ» መባሉ ከዚሁ ትርጉም የቀጠለ ነው። የአንድ ወታደር ትጥቅ ጠመንጃውን፣ ጥይት የሚጎርሱትን ካዝናዎች፣ ዝናሩን፣ ኮዳውንና የደንብ ልብሱን ያካትታል። የምግብ አቅርቦቱ ደግሞ «ስንቅ» ነው፤ «ስንቅና ትጥቅ» እየተባሉ አብረው የሚነሡት አንዱ ያለ ሌላው ዘመቻ ስለማያስኬድ ነው።

ከዚህ የሚከተል አንድ አስፈላጊ ነገር አለ። «መሣሪያ አስረከበ» እና «ትጥቅ ፈታ» አንድ አይደሉም። ሦስት ጠመንጃ ያለው ሰው አንዱን ቢያስረክብ መሣሪያ አስረክቧል፤ ትጥቅ ግን አልፈታም። «ትጥቅ መፍታት» እና «ትጥቅ ማስፈታት»ም ይለያያሉ፤ የመጀመሪያው ታጣቂው ራሱ የሚያደርገው ሲሆን ሁለተኛው ሌላ አካል በስምምነት ወይም በኃይል የሚያስፈጽመው ነው። ዜና ላይ የአንዲት «ማስ» መጨመርና መቅረት የድርጊቱን ባለቤት ይለውጣል።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ትጥቅ ማስፈታት የሚለውን ሲተረጉም አራት ተግባራትን ይጠቅሳል፦ መሰብሰብ፣ መመዝገብ፣ መቆጣጠርና ማስወገድ። የሚሰበሰበውም አነስተኛ፣ ቀላልና ከባድ መሣሪያ ብቻ ሳይሆን ጥይትና ፈንጂም ጭምር ነው። ስለዚህ ተሰብስቦ ያልተመዘገበ፣ ወይም ተመዝግቦ በማን እጅ እንደገባ የማይታወቅ መሣሪያ ካለ ሥራው ገና በመካከል ላይ ነው።

«ቀላል» የሚባለው በምኑ ይቀላል?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ቀላል መሣሪያ» ሲባል ጉዳቱ የቀለለ ይመስላል። ቃሉ ግን የሚናገረው ስለ ጉዳት ሳይሆን ስለ ሸክም ነው፤ ጥያቄው «ማን ሊሸከመው ይችላል?» የሚል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1997 የተባበሩት መንግሥታት የባለሙያዎች ቡድን ያወጣው አከፋፈል ዛሬም እንደ መሠረት ያገለግላል። በእርሱ መሠረት «አነስተኛ መሣሪያ» አንድ ሰው ብቻውን እንዲጠቀምበት የተሠራ ነው፤ ሽጉጥ፣ ጠመንጃ፣ ክላሽንኮቭንና መሰሎቹን፣ እንዲሁም ቀላል መትረየስን ይይዛል። በእኛ ወታደራዊ አነጋገር «የነፍስ ወከፍ መሣሪያ» የሚባለው ለዚህ የቀረበ ነው። «ቀላል መሣሪያ» ደግሞ ጥቂት ሰዎች ተባብረው የሚገለገሉበት ነው፤ እኛ «የቡድን መሣሪያ» እንለዋለን። ከባድ መትረየስ፣ የቦምብ ማስወንጨፊያ፣ በትከሻ የሚተኮስ ፀረ ታንክና ፀረ አውሮፕላን መሣሪያ፣ የአፈሙዙ ስፋት ከ100 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ሞርታርም እዚህ ውስጥ ይገባሉ።

ይህን ወደምናውቃቸው መሣሪያዎች ስናመጣው የሚገርም ውጤት እናገኛለን። «ዲሽቃ» የምንለው ከባድ መትረየስ 12.7 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚተኩስ ሲሆን ድምፁ ከሩቅ ይሰማል፤ ነዋሪውም ሲሰማው «ከባድ መሣሪያ ተተኮሰ» ይላል። በባለሙያዎቹ አከፋፈል ግን ዲሽቃ ቀላል መሣሪያ ነው። 82 ሚሊ ሜትር ሞርታር ቀላል ነው፤ 120 ሚሊ ሜትሩ ግን ከዚህ ክፍል ይወጣል። ሁለቱም ግድግዳ ያፈርሳሉ፤ ሁለቱም ሰው ይፈጃሉ። ለተጎጂው ቤተሰብ የ38 ሚሊ ሜትሩ ልዩነት ምንም አይደለም፤ ስምምነት ለሚፈራረሙ ወገኖች ግን ብዙ ነው።

ከዚህ በላይ ያለው ታንክ፣ ብረት ለበስ ተሽከርካሪ፣ መድፍ፣ በአንድ ጊዜ 40 ሮኬት የሚያስወነጭፈው ቢኤም፣ የጦር አውሮፕላንና ሚሳይል በልማድ «ከባድ መሣሪያ» በሚለው ስም ይጠቃለላል። አገራት የመሣሪያ ግዢና ሽያጫቸውን የሚያሳውቁበት፣ እ.ኤ.አ. በ1991 የተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት መዝገብ እነዚህን በሰባት ክፍል ይዘረዝራል። መዝገቡ መጀመሪያ መድፍን ከ100 ሚሊ ሜትር ጀምሮ ይቆጥር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ወደ 75 ሚሊ ሜትር ዝቅ ተደረገ። ሰው አልባ የውጊያ አውሮፕላን፣ ማለትም ድሮን፣ በጦር አውሮፕላኖች ክፍል ውስጥ ራሱን የቻለ ንዑስ ክፍል ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። የጅምላው ስም ከቴክኖሎጂው ኋላ እየተከተለ እንደሚሰፋ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ለ«ከባድ»ነት ከሁሉ ይልቅ ግልጽ ማስረጃ ግን ከራሳችን ታሪክ ይገኛል። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩት ሴባስቶፖል ሰባት ቶን ገደማ ይመዝን ነበር። እስከ መቅደላ ያደረሰው መንገድ እየተቆረጠለት የጎተተው የብዙ ሰው ጉልበት ነው። ከባድ መሣሪያ ማለት ይህ ነው፤ መንገድ፣ ጎታችና ጊዜ የሚጠይቅ። ቀላሉ ግን በጆንያ ተጠቅልሎ በአንድ ሌሊት ክልል ይሻገራል። ለፀጥታ አካላት ቀላሉን መቆጣጠር ከከባዱ ይልቅ አስቸጋሪ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ልዩነቱ በስምምነት ላይ ምን ለውጥ ያመጣል?

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ በፌደራል መንግሥቱና በሕወሓት መካከል የተፈረመው ግጭትን በዘላቂነት የማቆም ስምምነት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሰነዱ «ትጥቅ» በሚል አንድ ቃል አልታለፈም፤ ሁለት የጊዜ ገደብ አስቀምጧል። ከባድ መሣሪያ በቅድሚያ፣ የከፍተኛ አዛዦች ስብሰባ ከተጠናቀቀ በኋላ በ10 ቀን ውስጥ እንዲረከብ፣ ቀላል መሣሪያን ጨምሮ አጠቃላይ ትጥቅ የማስፈታቱ ሥራ ደግሞ ስምምነቱ ከተፈረመበት ቀን አንሥቶ በ30 ቀን እንዲጠናቀቅ ይላል።

አዛዦቹ ኅዳር 3 ቀን በናይሮቢ የፈረሙት ተከታይ ሰነድ አንድ ነገር ጨመረ። የከባድ መሣሪያው ርክክብ የውጭና ከመከላከያ ሠራዊት ውጪ የሆኑ ኃይሎች ከክልሉ ከመውጣታቸው ጋር ጎን ለጎን እንዲካሄድ ተስማሙ። በጥር 2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አጉላዕ ላይ የአፍሪካ ኅብረት ታዛቢዎች ባሉበት ታንክ፣ ሮኬትና ሞርታርን የጨመረ ከባድ መሣሪያ ለመከላከያ ሠራዊት ተላልፎ ተሰጠ። በዚያ ሰሞን «ሕወሓት ትጥቅ ፈታ» የሚል አርዕስት የጻፉ ነበሩ፤ በዚያ ዕለት የሆነው ግን የከባድ መሣሪያ ርክክብ ነበር። ተዋጊዎችን ከነነፍስ ወከፍ መሣሪያቸው ተቀብሎ የማሰናበቱ ፕሮግራም በመቀሌ የተጀመረው በብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን አማካይነት በኅዳር 2017 ዓ.ም. ነው። በሁለቱ መካከል ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት ብቻ ቀርተውት ነበር። ሁለቱን በአንድ ቃል የጠቀለለ አንባቢ የመጀመሪያውን እንደ ፍጻሜ፣ ሁለተኛውን ደግሞ እንደ አዲስ ጉዳይ ሊመለከተው ይችላል።

ጅምላ ጨራሽ መሣሪያስ?

ኑክሌር፣ ኬሚካልና ሥነ ሕይወታዊ መሣሪያዎች ከላይ ካየነው የክብደት መለኪያ ውጪ ናቸው። የሚለዩት በሸክማቸው ሳይሆን ተዋጊውንና ሲቪሉን፣ ሰውንና እንስሳውን ሳይለዩ በአንድነት በማጥፋታቸው ነው። ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። ፋሺስት ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. የመርዝ ጋዝ በኢትዮጵያውያን ላይ ስታዘንብ በጦርነት ኬሚካል መጠቀምን የሚከለክለው እ.ኤ.አ. የ1925ቱ የጄኔቫ ፕሮቶኮል ከወጣ አሥር ዓመት አልፎት ነበር። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በመንግሥታት ማኅበር ፊት ካሰሟቸው አቤቱታዎች ዋነኛው ይኸው ነበር።

የአገራችን ሕግ እንዴት ይመለከተዋል?

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መሠረታዊ ሐሳቡ ግልጽ ነው፦ የጦር መሣሪያ በፈቃድ ይያዛል፣ በመዝገብ ይታወቃል፤ ያለ ፈቃድ መያዝ፣ መነገድና ማዘዋወር ወንጀል ነው። ፈቃድ የሚሰጠው ደግሞ ለተወሰነ ሰው ወይም ድርጅት፣ ለተወሰነ መሣሪያ ነው። ስለዚህ «ፈቃድ አለኝ» የሚል ሰው ፈቃዱ ለየትኛው መሣሪያ እንደሆነ ማሳየት አለበት፤ በአባት ስም የተመዘገበ ጠመንጃ በልጅ ትከሻ ላይ ሲገኝ ጥያቄ የሚያስነሣው ለዚህ ነው።

ይህን በሥራ ላይ ማየት የሚፈልግ ሰው በከተማው ዳርቻ ባሉት መጋዘኖችና የግንባታ ቦታዎች የጥበቃ ሠራተኞች ፈረቃ ሲቀያየሩ ይመልከት። ተረኛው ጠመንጃውን ከትከሻው ያወርዳል፤ ጥይቱ እንዳለ ተራግፎ በጠረጴዛ ላይ ይደረደራል፤ አንድ በአንድ ይቆጠራል። በጠመንጃው አካል ላይ የተቀረጸው መለያ ቁጥር ከመዝገቡ ጋር ይመሳከራል፤ ሰጪና ተቀባይ ይፈርማሉ። ጠመንጃው የጠባቂው አይደለም፤ የድርጅቱ ነው፤ ጠባቂው የተረከበው አደራ ነው። በዚያ መዝገብ ላይ «የጦር መሣሪያ» የሚለው የጅምላ ስም አንድም ቦታ አይጻፍም። ዓይነቱ፣ ቁጥሩና የጥይቱ ብዛት ይጻፋል። አገራት እ.ኤ.አ. በ2005 የተስማሙበት የመሣሪያ ምልክትና ክትትል ሰነድም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ በወንጀል ሥፍራ የተገኘ ጠመንጃ በመለያ ቁጥሩ ወደ ኋላ እየተከተሉ ከማን እጅ እንደወጣ ለማወቅ የሚቻለው ቁጥሩ አስቀድሞ ከተመዘገበ ብቻ ነው።

ጥይትና ፈንጂ በቃሉ ውስጥ ይገባሉን?

በሰፊው ትርጉም ይገባሉ። ጥይት፣ የመድፍና የሞርታር ቅንቡላ፣ ሮኬት በጥቅሉ «ተተኳሽ» ይባላሉ፤ ማስተኮሻው ሳይኖር ብቻቸውን ቢያዙም ሕግ ይመለከታቸዋል። ፈንጂ ግን ማስተኮሻ ስለማያስፈልገው ራሱን የቻለ መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የተፈረመውና ኢትዮጵያም አባል የሆነችበት የኦታዋ ስምምነት የሚከለክለው ፀረ ሰው ፈንጂን ነው፤ ፀረ ታንክ ፈንጂ በዚያ ስምምነት አልተካተተም። እዚህም «ፈንጂ ተከለከለ» የሚለው አነጋገር ከሰነዱ ይሰፋል።

ተተኳሽና ፈንጂ ከሌላው የሚለዩበት ሌላም ነገር አለ፤ ባለቤት አልባ ሆነው በመሬት ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቆያሉ፤ ዝገታቸውም አደጋቸውን አያስቀርም። በዳርቻው ሰፈሮች ለመሠረት መሬት ሲቆፈር ወይም ቁራሌ ከሰበሰበው ብረታ ብረት መካከል ቅንቡላ የሚመስል ነገር ቢገኝ ማንሣት፣ መቀጥቀጥ፣ ከሚዛን ላይ መጫን ወይም እሳት ማስጠጋት አይገባም። ልጆችን ማራቅ፣ ቦታውን በሩቁ በግልጽ ምልክት መክበብና ለቅርብ ፖሊስ ጣቢያ ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ ማንሣቱ የባለሙያዎች ሥራ ነው።